ማተብ ያሰረ ሁሉ እንደ ማተቡ ይኖራል?

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከባሕር ዳር ከተማ ነዋሪ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ ብሏል። ቁጥሩን የማያውቅ ሰውም እሑድ ጠዋት በጊዮርጊስ በኩል ካለፈ ነገሩ ይገባዋል። መንገዱ ነጭ በነጭ ነው። ሰኞ ደግሞ ያው ነጠላ ለባሽ ሱቁን ይከፍታል፣ ቢሮው ይገባል፣ ባጃጁን ያስነሳል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ለማናችንም አዲስ አይደለም። «ማርያምን እልሃለሁ፣ በመጣበት ዋጋ ነው የሰጠሁህ!» «ፋይልህ አልተገኘም፣ ነገ ብቅ በል።» «ዝናብ ነው ወንድሜ፣ ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም።»

ከቡና ወሬ እስከ ፌስቡክ የሚነሳው ጥያቄ ከዚህ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሕዝብ አማኝ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ጉድ የማን ነው? አብዛኛው ሰው «ግብዞች ስለሆንን ነዋ!» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ይህ የሰነፍ መልስ ይመስለኛል። ግብዝነት የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ ሞልቷል። ግን በእምነትና በሥራ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ዓይነቶቹን ለይቶ ማየት ደግሞ ለጣና ዳር ሰው አይከብድም። ምሳሌዎቹ በእግር፣ ቢርቅ በጀልባ የሚደረስባቸው ናቸው።

«እምነት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር እናደባልቃለን። አንዱ የወገን ጉዳይ ነው። ክርስትና ተነስቻለሁ፣ ማተብ አስሬአለሁ፣ ቆጣሪ ሲመጣ «ኦርቶዶክስ» ብዬ አስመዘግባለሁ። ሁለተኛው እውነት ነው ብሎ መቀበል ነው። እግዚአብሔር አለ፣ ክርስቶስ ተነስቷል፣ መስረቅ ኃጢአት ነው። ሦስተኛው በዚያ እውነት ተደግፎ መወሰን ነው። የሰው ብር እጄ ገብቶ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ለባለቤቱ መመለስ።

ቆጠራ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ነው። እኛ ግን ያንን ቁጥር ይዘን ሦስተኛውን እንጠብቃለን። ጥያቄው ገና ከመነሻው የሚጣመመው እዚህ ላይ ነው።

ምግባር የምንለው ልማድ ሆኖ የሚታየውን ሥራ ነው። ግብዝ ደግሞ ልቡ የሌለበትን ለታይታ የሚያደርግ ሰው ነው። የሚያምንበትን ማድረግ አቅቶት የሚወድቀው ግን ደካማ እንጂ ግብዝ አይባልም። ሦስተኛ ሰውም አለ፣ እሱን እንረሳዋለን። የሚያደርገው ነገር ከእምነቱ ጋር እንደሚጋጭ ጨርሶ ያልታየው ሰው። በእኔ ግምት ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይኸኛው ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

መጽሐፉስ ምን ይላል?

መጽሐፍ ቅዱስ «ያመነ ሁልጊዜ እንደ እምነቱ ይሠራል» የሚል ዋስትና አይሰጥም። ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ካደ። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 7 ላይ የሚወደውን በጎ ነገር እንደማያደርግ፣ የሚጠላውን ግን እንደሚያደርግ እያማረረ ይጽፋል። ማቴዎስ ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉ። አባታቸው ወደ ወይኑ ቦታ ሂዱና ሥሩ አላቸው። አንዱ «አልሄድም» አለ፣ ኋላ ግን ተጸጽቶ ሄደ። ሌላው «እሺ» አለ፣ አልሄደም። የአባቱን ፈቃድ ያደረገው የትኛው እንደሆነ ጥያቄው ለሰሚው ቀረበ። የያዕቆብ መልእክትማ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው ብሎ ቁርጡን ይናገራል።

ኦርቶዶክስና ወንጌላውያን እዚህ ላይ ይከራከራሉ። ኦርቶዶክሱ እምነትና ምግባር አንድ ላይ ካልሄዱ ድኅነት የለም ይላል። ወንጌላዊው መዳን በእምነት ነው፣ ሥራ የዚያ ፍሬ ነው ይላል። ለያዝነው ጥያቄ ልዩነቱ ብዙ አይለውጥም። ሁለቱም ያመነ ሰው ኑሮው ይለወጣል ብለው ይጠብቃሉ። ሁለቱም በየሳምንቱ ኑሮው ላልተለወጠ ሰው ይሰብካሉ።

ሰው ስለ እምነቱ የሚናገረው ይታመናል?

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ሪፖርት አለ። ከተጠየቁት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን 98 በመቶው ሃይማኖት በሕይወቴ ውስጥ በጣም ትልቅ ቦታ አለው ብለዋል። 78 በመቶው በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ተናግረዋል። ሩሲያ ውስጥ ያሉት ኦርቶዶክሳውያን ለእነዚሁ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ 15 በመቶና 6 በመቶ ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነበብ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች የተናገሩት እንጂ ሲያደርጉ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ሦስት ተመራማሪዎች ሁለቱን አነጻጽረው ነበር። በመጠይቅ 40 በመቶ ያህሉ አሜሪካዊ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ይል ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ሲቆጠር ግን የዚያ ግማሽ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ሆን ብሎ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ያደረገውን ሳይሆን መሆን የሚፈልገውን ይናገራል። እኛ ጋ ቢቆጠር ክፍተቱ የሚጠብ ይመስለኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እዚህ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲቀር ጎረቤቱ ያየዋል። ይህ የጎረቤት ዓይን ጉዳይ ገና ብዙ ያነጋግረናል።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብክ የሄደው ተማሪ ምን አደረገ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች ዝነኛው ዳርሊና ባትሰን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ነው። 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን በፕሪንስተን ወሰዱ። ገሚሶቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ ንግግር እንዲያደርጉ ተነገራቸው። የተቀሩት ስለ ሥራ ዕድል እንዲናገሩ ተደረገ። ንግግሩ የሚደረገው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተኮራምቶ ያቃስታል፣ ይስላል።

ተመራማሪዎቹ አንድ ነገር ለዋወጡ። ለአንዳንዱ ተማሪ «ገና ጊዜ አለህ» አሉት። ለሌላው «ደርሷል፣ ሂድ» አሉት። ለሦስተኛው «ኧረ አርፍደሃል፣ እየጠበቁህ ነው!» አሉት። ጊዜ ካላቸው 63 በመቶው ቆመው ረዱ። ከተቻኮሉት የቆሙት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ሊያስተምሩ የሄዱት ስለ ደጉ ሳምራዊ መሆኑ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስለ ሃይማኖታቸው አስቀድመው የሞሉት መጠይቅም ማን እንደሚቆም አልተነበየም።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች ግብዞች አልነበሩም። ምናልባት ብዙዎቹ እንዳለፉት እንኳ አላስተዋሉም። ያሳለፋቸው ሰዓቱ ነው። ቅዳሴ እንዳያመልጠው እየሮጠ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ያለፈ የባሕር ዳር ሰው ይህን ታሪክ ለማመን አይቸገርም።

ዘጌ ላይ እምነት እንዴት በሥራ ታየ?

እስካሁን ያወራነው እምነት ስለሚሸነፍበት ነው። አሁን ስለሚያሸንፍበት እናውራ።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ባሕረ ገብ መሬቱ ጋ ሲደርስ ደኑ ውኃው ጫፍ ድረስ ወርዶ ይታያል። ሥሩ ቡና ነው። ቡናው መሀል ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ሌሎች ገዳማት አሉ። የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም ወደዚህ ሲመጡ ከእግዚአብሔር ቃል ኪዳን ተቀበሉ። ሕዝቡ ሳያርስና የቀንድ ከብት ሳያረባ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይኖራል። በምላሹ መሬቱ በማረሻ አይነካም።

ይህ ቃል ለዘመናት ተጠብቋል። በዙሪያው ያለው አገር ታርሶ ሲመለጥ ዘጌ ደን ሆና ቀርታለች። ያውም በሬ መጥመድ ኑሮ፣ ክብርና የወንድነት መለኪያ በሆነበት አገር። ይህን ያህል ረጅም ጊዜ የቆየ፣ በዓይን የሚታይ፣ በካርታ ላይ ድንበሩ የሚሠመር የእምነት ሥራ ብዙ ቦታ አይገኝም።

ግን ለምን ሠራ? እምነቱ ብቻውን አልነበረም። ቡናው ገንዘብ ያመጣል፣ ስለዚህ አለማረስ ጾም አሳዳሪ አይደለም። እገዳው ግልጽ ነው፤ ማረሻ ተነሳ ወይስ አልተነሳም ብሎ የሚከራከር የለም። የጣሰም ይታያል፤ በድብቅ አይታረስም። ቃሉን የሚያስታውሱ ገዳማትም እዚያው መሀል ተቀምጠዋል። እምነት፣ ጥቅም፣ ግልጽ ድንበርና የሚያይ ዓይን አንድ ላይ ገጠሙ። ከዚህ ውስጥ አንዱ ሲላላ ነገሩ ይናጋል። በቅርብ ዘመናት ኑሮ ሲከብድ ለማገዶ የሚቆረጠው ዛፍ እየበዛ የመጣው ለዚህ ነው። ቃል ኪዳኑ ማረሻን እንጂ መጥረቢያን በዚያ ግልጽነት አልጠቀሰም።

አሁን ደግሞ ያው ዘጌ፣ ሌላው ገጽ። ታሪክ አጥኚዎች እንደመዘገቡት በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በዚሁ ቡና ውስጥ ባሮች ይሠሩ ነበር። ከባለቤቶቹ መካከል ካህናትም ነበሩ። ለአቡኑ ቃል ሲሉ በሬ የማይጠምዱ ሰዎች፣ ሰው ገዝተው ያሠሩ ነበር ማለት ነው።

እነዚህን ሰዎች ግብዝ ብንላቸው ነገሩ ያመልጠናል። አልደበቁትም። አላፈሩበትም። በዘመኑ የሕግና የሃይማኖት ዋቢ የነበረው ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነፃ እንደሆነና ባርነት በጦርነት ምክንያት እንደመጣ ይናገራል፣ ነፃ ማውጣትንም ያመሰግናል። ግን ባርነትን አይከለክልም፣ ደንብ ያወጣለታል። ስለዚህ ጥያቄው ልባቸው ላይ አልደረሰም። ቅድም ያልኩት ሦስተኛው ሰው ይህ ነው። እምነቱን የጣሰ አይመስለውም፣ እምነቱ እዚያ ነገር ላይ ሥልጣን ያለው አይመስለውም። ለውጡም የመጣው ከሕግ ነው። በ1916 ዓ.ም. ባርነትን የሚገድብ አዋጅ ወጣ፣ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ጨርሶ ተከለከለ።

ዛፉ ለምን ከቅጥሩ ውስጥ ብቻ ቀረ?

ከባሕር ዳር ወጥቶ ወደ ደቡብ ጎንደር የሚጓዝ ሰው በመኪና መስኮት የሚያየው ነገር አለ። ሜዳውና ኮረብታው የታረሰ ነው። እዚህም እዚያም ግን አረንጓዴ ክብ ነገር ጉብ ብሎ ይታያል። መሀሉ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ነው። አብዛኛው የቀረው የአገር በቀል ደን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው። ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ የሚሸፍኑ ናቸው።

ያንን ደን ያቆየው የአካባቢው ገበሬ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያለውን የጨረሰውም ያው ገበሬ ነው። ከውስጥ ቅርንጫፍ ቢሰብር ይቀሠፋል፣ ከውጭ ግንድ ቢጥል ሥራ ነው። እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉንም ዛፍ እንደሆነ ቢጠየቅ አይክድም። በልቡ ግን ቅዱሱ ነገር አጥር አለው።

እኔ የዚህን ሁሉ ጉዳይ ቁልፍ የማገኘው እዚህ ነው። እምነት ሥራ ላይ የሚታየው ቦታና ሰዓት በተቆረጠለት ነገር ላይ ነው። ማረሻ አይነካም ተብሏል፣ አልነካም። ረቡዕና ዓርብ ተብሏል፣ ይጾማል። ጫማህን አውልቅ ተብሏል፣ ይወልቃል። ያልተቆረጠለት ነገር ላይ ግን፣ ማለትም ኪራይ ላይ፣ ሚዛን ላይ፣ ጉቦ ላይ፣ የቤት ሠራተኛ አያያዝ ላይ፣ ያው ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። እነዚህ ከቅጥር ውጭ ያሉ ዛፎች ናቸው።

ሥጋ የማይነካ ሰው ሰው ያማል፤ ይህስ ምንድን ነው?

ጾም ይህን በደንብ ያሳያል። ባሕር ዳር ውስጥ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤት ይዘጋል። ሐይቁ ዳር ያሉት ዓሣ ቤቶች ግን ወንበር አይገኝባቸውም። ቆሮሶው በሙሉው ተጠብሶ፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ከዳጣ ጋር ይመጣል። የቤተ ክርስቲያኗ መምህራን ዓሣ ለጾም አይፈቀድም ብለው ያስተምራሉ። በላተኛው ደግሞ «ዓሣ ደም የለውም» ይላል፣ ወይም «ክርስቶስም በልቶታል» ይላል። «ጅብ ከሚበላህ በልተኸው ተቀደስ» የሚለው ተረት ሳይዘነጋ።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ዓሣው አይደለም። ሰውየው ምክንያት መፈለጉ ነው። እምነቱ ደንታ ባይሰጠው ሥጋ ቤት ፈልጎ ይገባ ነበር። ሥነ ልቦና የሚያጠኑ ሰዎች ሰው የሚያምነውና የሚያደርገው ሲጋጩበት ውስጡ እንደሚቆረቁረው ይናገራሉ። ቁርቁሩን ለማስቆም ሥራውን መለወጥ ከባድ ስለሆነ ትርጉሙን ይለውጣል። ዓሣው «ሥጋ» መሆኑ ይቀራል። ጉቦውም «ለሻይ» ይሆናል።

የጾሙ ትምህርት ራሱ ግን ከምግብ ይሰፋል። በዐቢይ ጾም የሚዜመው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ዓይን ይጹም፣ አንደበትም ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል። ሁሉም ሰምቶታል። የወተትን ጉዳይ ጎረቤት ያያል፤ የአንደበትን ጾም ማን ይፈትሻል?

አብሮ የማይበላ ክርስቲያን

የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል። በጥበቡ የሚታወቁት ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ናቸው። አያቶቻቸው ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ለረጅም ዘመን አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባም፣ በሰጡት ዕቃ አይጠጣም ነበር። እነሱ ራሳቸው ሙስሊም ነን ቢሉም አልጠቀማቸውም። ከተማዋ ስትሰፋም ከሐይቁ ዳር ተነሱ ሲባሉ ኖረዋል።

«ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን» የሚለውን ያላስተማረ ሰባኪ የለም። ያንን ትምህርት የሰማ ሰው ግን ወይጦ በጠጣበት ጣሳ አልጠጣም። ይህም ቢሆን ግብዝነት አልነበረም። ነውር የሚባለው መጠጣቱ እንጂ አለመጠጣቱ ስላልነበረ ነው።

ክፍተቱ ወደ በጎ የሚያጋድልበት ጊዜም አለ። ላፒየር የተባለ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተመው ጽሑፍ ይህን ያሳያል። ቻይናውያን በአሜሪካ በሚናቁበት ዘመን ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አገሩን ዞረ። በ251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገቡ። የመለሳቸው አንዱ ብቻ ነው። ከወራት በኋላ ለነዚያው ቤቶች ቻይናዊ ታስተናግዳላችሁ ወይ ብሎ ጻፈ። መልስ ከሰጡት ከ90 በመቶ በላይ አናስተናግድም አሉ። በወረቀት የከፉት በአካል ደግ ነበሩ። እኛም ዘንድ ስለ ሌላ እምነት ተከታይ ሲወራ እሳት የሚተፋ ሰው፣ ሙስሊም ጎረቤቱ ሲሞትበት ድንኳን ሲተክል የሚያድር አይጠፋም። እሱም የሚናገረውን አይሠራም። ደግነቱ!

ስለት የከፈለ ሰው ዕዳ አለበት?

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ ተስሏል። ታሪኩን የማያውቅ የለም። 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ ለተጠማ ለማኝ በማርያም ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ነፍሱ ስትመዘን ውኃው ከ78ቱ ነፍስ ከበደ። የካቲት 16 የሚተረከው ይኸው ነው።

መምህራኑ ይህን የሚያስተምሩት የምሕረትን ስፋት ለማሳየት ነው። አድማጩ ጋ ሲደርስ ግን አንዳንዴ የሒሳብ ደብተር ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ሚዛን ቀሽቦ፣ በዓመቱ ጥላና ምንጣፍ አስገብቶ፣ እልል ተብሎለት ይመለሳል። ሰኞ ሚዛኑ እንደ ነበረ ነው። ይህን ተመራማሪዎችም አጥንተውታል። ሞኒንና ሚለር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሙከራ፣ አድሏዊ አለመሆናቸውን አስቀድመው ያሳዩ ሰዎች ቀጥሎ ለሚመጣው አድሏዊ ውሳኔ ይበልጥ ድፍረት አገኙ። «ጥሩ ሰው መሆኔን አሳይቻለሁ» የሚለው ስሜት ፈቃድ ሆነላቸው። ኋላ የመጡ ጥናቶች ውጤቱ መጀመሪያ ከታሰበው ያነሰ ነው ቢሉም፣ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የማይቆርብ ሰው አያምንም ማለት ነው?

ከሥራ ተነስቶ እምነትን መገመት እንዴት እንደሚያሳስት የቁርባን ነገር ያሳያል። እሑድ ቅዳሴ ላይ ግቢው ይሞላል። ለመቁረብ የሚቀርቡት ግን በአብዛኛው የታቀፉ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። መሀል ያለው ወጣትና ጎልማሳ ቆሞ ያያል። የውጭ ሰው ቢያየው «ይህ ሕዝብ በዋናው ምሥጢሩ አያምንም» ብሎ ይጽፋል።

ነገሩ ተቃራኒው ነው። ለመቁረብ ንስሐ መግባት፣ 18 ሰዓት መጾም፣ ንጽሕናን መጠበቅ ያስፈልጋል። ያገባ ሰው ከሆነ ጋብቻው በቁርባን ሊሆን ይገባል። በሰማንያ ወይም በማዘጋጃ የተጋባው ብዙ ነው። ስለዚህ «በድፍረት ከምቀበል ልቅር» ይላል። የሚያርቀው ፍርሃቱ ነው፣ ፍርሃቱ ደግሞ ከእምነቱ የመጣ ነው። መምህራን በዚህ ያዝናሉ፤ ቁርባን ለአረጋውያን ብቻ አይደለም እያሉም ያስተምራሉ።

ታዲያ ክፍተቱን የሚያጠበው ምንድን ነው?

መቼም ስብከት ብቻውን እንደማይበቃ ከፕሪንስተን ተማሪዎች አይተናል። የሚሠራ የሚመስለው በሰዓቱ የሚደርስ ማስታወሻ ነው። ማልሆትራ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት፣ ሃይማኖተኛ አሜሪካውያን ለበጎ አድራጎት ጥሪ ከሌላው ሰው የበለጠ ምላሽ የሰጡት እሑድ ዕለት ነው። በሌላው ቀን ልዩነት አልታየባቸውም። የክርስቲያን ብቻም አይደለም። ሞሮኮ ማራኬሽ ገበያ ውስጥ ነጋዴዎች አዛን በሚሰማበት ሰዓት ከሌላው ሰዓት ይልቅ ለጋሶች ሆነው ተገኝተዋል። እምነት እንደ ደንገል ታንኳ ነው። ውኃ ላይ ዝም ብሎ ከዋለ ይጠጣል፣ ይከብዳል። በየጊዜው ተጎትቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት።

እዚህ አገር ይህን ሥራ ሁለት ነገሮች ይሠሩ ነበር፣ አሁንም በመጠኑ ይሠራሉ። አንዱ የንስሐ አባት ነው። ቤት ድረስ መጥተው ጠበል የሚረጩ፣ ከማን ጋር እንደተጣላህ የሚያውቁ፣ «ከእገሌ ጋር ታረቅና ና» የሚሉ አባት። ገጠር ሳሉ ሁሉንም ቤት ያውቃሉ። ከተማ ውስጥ ግን የንስሐ ልጃቸው ይበዛል፣ አድራሻውም በየዓመቱ ይቀያየራል። ብዙው ሰው የንስሐ አባቱን የሚያገኘው በስልክ ነው፣ እሱም በበዓል።

ሁለተኛው የጽዋ ማኅበር ነው። በወር አንድ ቀን፣ በአንድ ቅዱስ ስም፣ በየተራ በየቤቱ የሚጠጣው። ብዙ ማኅበር ውስጥ ሁለት አባላት ከተጣሉ ሳይታረቁ ጽዋውን አይቀምሱም። ሽማግሌው «እስቲ እናንተ ሁለታችሁ» ይላል፣ የሸሸጉት ነገር ይወጣል፣ ይቅር ይባባላሉ። ከቅጥር ውጭ የነበረ ነገር እንዲህ ቅጥር ይበጅለታል። ቀን አለው፣ የሚያይ ዓይን አለው፣ ካላደረግህ የምታጣው ነገር አለ። ጥል ላይ ሠርቷል። ሚዛንና የቤት ኪራይ ግን እስካሁን በአንድም ማኅበር ላይ ሲነሱ አልሰማሁም።